ኮልፌ ላይ የተገናኙት አስተማሪና ተማሪ፦ ጄኔራል ታደሰ ብሩ፣ ማንዴላ እና የፈረደባቸው ሕግ

የአስኮው (ክሩን የከፈተ) · ማክሰኞ ምሽት 2፡20

ኮልፌ ዛሬ ዳር ናት የሚል የለም። ታክሲው፣ ገበያው፣ ፎቁ ሞልቷል። በ1954 ዓ.ም ግን የአዲስ አበባ ጫፍ ነበረች። የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር እዚያ ነበር። በዚያ ክረምት አንድ ረጅም እንግዳ ከደቡብ አፍሪካ መጥቶ እዚያ ሰፈር ውስጥ ሥልጠና ጀመረ። ኔልሰን ማንዴላ ነው።

እስከዚህ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ልደቱ በደረሰ ቁጥር ፎቶውን እንለጥፋለን። ፓስፖርት ሰጠነው፣ አሠለጠንነው፣ አስታጠቅነው እንላለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ያሠለጠኑት ሰውዬ ማን እንደሆኑና መጨረሻቸው ምን እንደሆነ የሚያነሣ የለም።

ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ይባላሉ። በኋላ ብርጋዴር ጄኔራል ሆነዋል። ማንዴላ ራሱ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ስማቸውን ጠርቶ መስክሮላቸዋል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ሜዳ ላይ ነው። ጠመንጃና ሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ትንንሽ ቦምብና ፈንጂ መሥራት፣ ከፈንጂ መጠንቀቅ። ዕቃ ተሸክሞ ረጅም ጉዞም አለ። የሐምሌን የኮልፌ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ያንን ጉዞ ማሰብ ይችላል። ከምሳና ከዕረፍት በኋላ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ፣ ኮሎኔሉ ራሳቸው የጦር ትምህርት ያስተምሩታል።

አንዱን ትምህርታቸውን ማንዴላ ከዓመታት በኋላም አልረሳውም። የነፃነት ጦር እንደ መደበኛ ጦር አይደለም አሉት። ግዳጅ ላይ ስትሆን ትእዛዝህ ይከበር። ከግዳጅ ውጭ ግን ከተራው ወታደር ጋር እኩል ሁን። የሚበሉትን ብላ፤ ቢሮህ ተቀምጠህ ለብቻህ አትብላ።

ሥልጠናው 6 ወር እንዲቆይ ታስቦ ነበር። ድርጅቱ ኤኤንሲ (የደቡብ አፍሪካ የነፃነት ንቅናቄ) ቶሎ ና ብሎ ስለጠራው ተቋረጠ። ሲሄድ ኮሎኔሉ አንድ ሽጉጥና 200 ጥይት ሰጡት። ማንዴላ አገሩ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ተያዘ። ኮሎኔሉ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ በገዛ አገራቸው መንግሥት በሴራ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው። ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ። ንጉሡ ከወረዱ በኋላ ደርግ በ1967 ረሸናቸው።

ተማሪው 27 ዓመት ታስሮ ወጥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። አስተማሪው ተረሸነ። ሁለቱም በሕግ ፊት ወንጀለኛ ተብለዋል። ታሪክ የምታውቁም፣ ሕግ የተማራችሁም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ እናውራበት። እኚህን ሰው ለምን ረሳናቸው?

ኮዬ ፈጬ 4 · ማክሰኞ ምሽት 2፡41

ጥሩ ርዕስ ነው ወንድሜ። ግን እኔ የሰማሁት ማንዴላን ያሠለጠነው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ነው ሲባል ነው። መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው። እሱ አይደለም እንዴ?

የሰበታው መምህር · ማክሰኞ ምሽት 3፡15

ልጄ፣ እሱ ሊሆን አይችልም። ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀለው መጋቢት 21 ቀን 1953 ነው። ማንዴላ አዲስ አበባ የገባው በ1954 ነው፤ መጀመሪያ ለስብሰባ በየካቲት ገደማ፣ ከዚያ ክረምቱ ሲገባ ለሥልጠና። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኮሎኔል ታደሰ የመንግሥቱ ንዋይን ሙከራ ካከሸፉት መኮንኖች አንዱ ናቸው። ማንዴላም ይህንኑ ጽፎታል። አስተማሪዬ በቅርቡ በንጉሡ ላይ የተሞከረውን መፈንቅለ መንግሥት ለማክሸፍ ትልቅ ድርሻ የነበረው የፖሊስ ምክትል ኮሚሽነር ነው ይላል።

ወጣቶች ስላላችሁ የ1953ቱን ነገር ትንሽ ላስታውስ። እሱ ካልገባን የጄኔራል ታደሰ ነገር አይገባንም።

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ማታ ነው። ንጉሡ ብራዚል ናቸው። የክቡር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ ወንድሙ ግርማሜ ንዋይ፣ የጸጥታ ኃላፊው ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ እና የፖሊስ ኮሚሽነሩ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ አንድ ላይ ተነሡ። ሹማምንቱን በዘዴ ጠርተው ያዙ። በማግስቱ አልጋ ወራሹ በሬዲዮ አዲሱን መንግሥት ሲያውጁ ተሰማ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግፈው ሰልፍ ወጡ።

የነገሩ አንቀሳቃሽ ግርማሜ ነበር ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። አሜሪካ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ወላይታ ላይ ገዥ ሆኖ መሬት ለሌለው ገበሬ መሬት ማደል ጀመረ። ባለ ርስቶቹ ከሰሱት። ወደ ጅጅጋ አዛወሩት። በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ሥርዓቱን ማሻሻል አይቻልም ብሎ የቆረጠው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን አልተከተላቸውም። ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ጄኔራል ከበደ ገብሬ ጦሩን ይዘው ቆሙ። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ አወገዙ። ከተማው ውስጥ ውጊያ ሆነ። መሸነፋቸውን ሲያውቁ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ያሰሯቸውን ሹማምንት በጥይት ደበደቧቸው። ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ እዚያ ሞቱ። ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኮንን ሀብተወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊም እዚያው።

ከዚያ ሽሽት ነው። ጄኔራል ጽጌ በውጊያው ሞተ። ወርቅነህ እጁን ሳይሰጥ ሞተ። ሁለቱ ወንድማማቾች ከከተማው ወጥተው በሞጆ በኩል ተከበቡ። ግርማሜ ሞተ፤ መንግሥቱ ቆስሎ አንድ ዓይኑን አጥቶ ተያዘ። የግርማሜን ሬሳ አምጥተው አዲስ አበባ ላይ ሰቀሉት። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ። ሰው ሊያይ ሲጎርፍ አባቴ በር ዘግቶ ከለከለን። ሬሳ መስቀል ፍርድ አይደለም ሲል የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ኮሎኔል ታደሰ በእነዚያ ቀናት ከንጉሡ ጎን ቆሙ። ይህ ሰው ከስድስት ዓመት በኋላ እዚያው ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆመ። የአስኮው ልጅ የጠየቀው ጥያቄ ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

ጠበቃ ከጀሞ · ማክሰኞ ምሽት 4፡02

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ ባሉት ቀን ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሕግ ትምህርት ቤት እያለሁ ሳነብ አግኝቼው ሰውነቴን የነዘረኝ ነው።

መንግሥቱ ንዋይ የተሰቀለው መጋቢት 21 ቀን 1953 ነው ብለዋል። በፈረንጅ ማርች 30፣ 1961። ልክ ከዚያ አንድ ቀን በፊት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምን ሆነ? ማንዴላና ጓደኞቹ ከተከሰሱበት ከፍተኛ የአገር ክህደት ወንጀል ነፃ ወጡ። በ1956 እ.ኤ.አ. የተያዙት 156 ሰዎች ነበሩ። ክሱ ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። የብዙዎቹ ክስ በየመሀሉ ተነሣ። በመጨረሻ የቀሩት 30 ያህል ናቸው። ዳኞቹ በአፓርታይድ መንግሥት የተሾሙ ነጮች ናቸው። ግን ማስረጃው መንግሥትን በኃይል ለመገልበጥ አቅደዋል ለማለት አይበቃም ብለው ሁሉንም ለቀቁ።

በአንድ ቀን ልዩነት! እዚያ ነፃ ናችሁ፤ እዚህ ስቅላት።

ይህን የምለው የአፓርታይድ ፍርድ ቤት ይሻል ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። ዘረኛ ሕግ የሚያስፈጽም ፍርድ ቤት ነው። መንግሥቱ ንዋይም አድርጓል የተባለውን በእርግጥ አድርጓል፤ ሰው ተገድሏል። ግን የእኛን ሂደት ተመልከቱ። በታኅሣሥ አጋማሽ ተያዘ፤ ቁስሉ ሳይድን ችሎት ቀረበ፤ በመጋቢት ተሰቀለ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን በ1949 የወጣ፣ ስዊሳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቀው፣ ገና ትኩስ ሕግ ነበር። ክስ እንዴት እንደሚሰማ፣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ የሚደነግገው የሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ጭራሽ አልወጣም። የወጣው በ1954 ነው። የሞት ፍርድ የሚጸናው ንጉሡ ሲያጸኑት ነው። በዚህ ጉዳይ ደግሞ የተበደሉት ራሳቸው ንጉሡ ናቸው። የተበደለው ሰው የመጨረሻው ዳኛ ሆነ ማለት ነው።

እሱ ይግባኝ አልጠይቅም አለ። ለምን እንዳለ እረዳዋለሁ።

ቡራዩ ኬላ · ማክሰኞ ምሽት 4፡30

ሁላችሁም ለዐመፀኛ ታለቅሳላችሁ። እኔ አልስማማም። በቁም ነገር ነው የምናገረው።

አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ እጃቸውን የታሰሩ ሰዎች ናቸው የተገደሉት። ራስ አበበ አረጋይ ለዚህች አገር ዱር ያደሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ልጆች ማን አለቀሰ? ጄኔራል ታደሰ በተከሰሱበት በ1959ም ያው ነው። አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ውስጥ ቦምብ ፈንድቷል። ዛሬ እኛ ሰፈር ሲኒማ ቤት ቦምብ ቢያፈነዱ ምን እንላለን? ሕግ ይፍረድበት አንልም? መንግሥት ራሱን ካልጠበቀ መንግሥት አይደለም። ሕግ ያለ ቅጣት ወሬ ነው።

ማንዴላ ሌላ ነው። እሱ የተዋጋው ሰው አይደለህም ከሚል ሥርዓት ጋር ነው። የመምረጥ መብት የለውም፣ ድርጅቱ በሕግ ታግዷል፣ ሻርፕቪል በምትባል የደቡብ አፍሪካ ሰፈር 69 ሰው በፖሊስ ጥይት ተቆልቷል። እኛ ጋ ግን ጄኔራል ታደሰ ጄኔራል ነበሩ። ማዕረጉም፣ ቢሮውም፣ ንጉሡ ዘንድ መግባቱም ነበራቸው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ልክ አይመስለኝም።

ሱሉልታ ነኝ፣ ከሰላሌ · ረቡዕ ጠዋት 1፡10

የቡራዩው ወንድሜ ላነሣኸው ልመልስ። በጨዋ ደንብ ስለጻፍክ አመሰግናለሁ።

ጄኔራል ታደሰ የኛ አገር ሰው ናቸው፤ ሰላሌ። እኛ ቤት ስማቸው የሚነሣው በክብር ነው። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግኩት። በኋላ አድጌ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ማዕረግ ነበራቸው ያልከው እውነት ነው። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሰውዬው የሥርዓቱ ልጅ ነበሩ። ንጉሡን አድነዋል። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻውን ይመሩ ነበር። ሰው ሁሉ ፊደል ይቁጠር ብለው በየገጠሩ ይዞሩ ነበር። ከላይ ያሉ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ኦሮሞን ማስተማር ኋላ ጣጣ ያመጣል ብለው መከሯቸው፤ እሳቸውም የኦሮሞ ልጅ መሆናቸውን ሰውዬው አላወቀም ነበር ተብሎ ይነገራል። ሽማግሌዎቻችን ለውጡ የመጣው ከዚያ ነው ይላሉ።

ከዚያ ነው ወደ ሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር የገቡት። ማኅበሩ በ1950ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመ፣ ሕጋዊ ማኅበር ነበር። ሥራው ገንዘብ አዋጥቶ ትምህርት ቤት፣ መንገድ፣ ክሊኒክ መሥራት ነው። የተደበቀ ነገር አልነበረም። ጄኔራሉ ሲገቡ ግን ሕዝብ በብዛት መጣ። አንድ ጄኔራል በአደባባይ ቆሞ በኦሮምኛ ሲናገር ያኔ ተሰምቶ አይታወቅም። መንግሥት ደነገጠ። በ1959 መጀመሪያ ላይ የሲኒማ ቤቱ ቦምብ ፈነዳ። ማኅበሩ ታገደ፤ መሪዎቹ ታሰሩ። ጠበቃው ኃይለማርያም ገመዳ እስር ላይ በደረሰበት ሥቃይ ሞተ። መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጣ። ጄኔራሉ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረ፤ ሐረርጌ ገለምሶ ወስደው አስቀመጧቸው።

ሲኒማ ቤት ቦምብ ማፈንዳት ትክክል ነው የሚል እኔን ጨምሮ ማንም የለም። ግን ማን አፈነዳው? ማን አዘዘ? ጄኔራሉ ያውቁ ነበር? ሰው በእስር ቤት እየተሠቃየ የሰጠው ቃል ማስረጃ ይሆናል? ሕግ ይፍረድ ካልን ሕጉ እነዚህን ጥያቄዎች ሊመልስልን ይገባ ነበር። ቅጣቱን ነው የምናውቀው።

አወያይ · ረቡዕ ጠዋት 2፡00

ብሔር እየጠቀሱ የተሰዳደቡ አንዳንድ መልእክቶች ተነሥተዋል። ክሩ እስካሁን በመከባበር ሄዷል፤ በዚሁ ይቀጥል።

ጠበቃ ከጀሞ · ረቡዕ ምሳ ሰዓት 6፡25

የሰላሌው ወንድማችን የነካው ቦታ የኔም ሕመም ነው። ማንዴላ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትን የሪቮንያን ችሎት ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ማንዴላ መጀመሪያ የተፈረደበት 5 ዓመት ነው። 3 ዓመት ሠራተኛ ሥራ እንዲያቆም በመቀስቀስ፣ 2 ዓመት ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣት። ልብ በሉ፣ ያለ ፓስፖርት ወጣ የተባለው እኛ ጋ የመጣበትን ጉዞ ጨምሮ ነው። የኢትዮጵያን ፓስፖርት ይዟል፤ ስሙ ግን ዴቪድ ሞትሳማዪ ነው። በዚያው ስም ነው ሪቮንያ ውስጥ ሊሊስሊፍ የሚባል እርሻ ላይ አትክልተኛ መስሎ ይኖር የነበረው። ሪቮንያ ያኔ የጆሃንስበርግ ዳር ነበረች። ኮልፌ የአዲስ አበባ ዳር እንደነበረች ሁሉ። ኮሎኔል ታደሰ የሰጡት ሽጉጥም እዚያ እርሻ ላይ ተቀበረ ይባላል፤ ቆፍረው ፈልገው አላገኙትም።

ፖሊስ በ1963 እ.ኤ.አ. እርሻውን ወረረ። ማንዴላ ቀድሞ እስር ቤት ነበር፤ የማስታወሻ ደብተሮቹና ወረቀቶቹ ግን ተገኙ። በአፍሪካ የዞረበት ማስታወሻ ማስረጃ ሆኖ ቀረበበት። ዐቃቤ ሕጉ ፐርሲ ዩታር ይባላል። ቀደም ብሎ በአገር ክህደት ከስሰው ተሸንፈዋል፤ አሁን ብልጥ ሆኑ። የአገር ክህደትን ለማስረዳት የሚጠየቀው ከባድ ነው፤ ለአንዱ ድርጊት ሁለት ምስክር ይፈለጋል። ስለዚህ ሳቦታዥ (ንብረትና ተቋም ሆን ብሎ ማውደም) በሚለው አዲስ ሕግ ከሰሱ። ቅጣቱ ያው ሞት ነው፤ ማስረዳቱ ግን ይቀላል። ሕጉን እንደ ወጥመድ አጠበቡት።

ማንዴላ ምን አደረገ? አልካደም። ሚያዝያ 12 ቀን 1956 ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ቆሞ ለሰዓታት አነበበ። አዎ ሳቦታዥ አቅጃለሁ አለ። አዎ ውጭ አገር ወታደራዊ ሥልጠና ወስጃለሁ አለ። የሰው ሕይወት እንዳይጠፋ ተጠንቅቀን ነው ዒላማ የመረጥነው አለ። እዚህ ያደረሰን ሌላ መንገድ ሁሉ ስለተዘጋ ነው ብሎ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ጋዜጠኛ ጻፈው። ዓለም ሰማው። ሰኔ 5 ቀን 1956 ስምንቱ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው።

ለቡራዩው ወንድሜ መልሴ ይኸው ነው። ሕግ ይፍረድ ስትል እኔም አብሬህ ነኝ። ግን ፍርድ ማለት ገመዱ ብቻ አይደለም። ተከሳሹ አፉን ከፍቶ ሕዝብ ፊት ይናገር። የሟች ቤተሰብም ቆሞ ይስማ፤ ይመስክር። ቃሉ ይጻፍ፣ ይቀመጥ። ማንዴላን የምናውቀው በችሎት ስለተናገረ ነው። ጄኔራል ታደሰ ምን ብለው ተከራከሩ? ከእኛ ውስጥ ማን ሊነግረኝ ይችላል? የራስ አበበ ልጆችም ቢሆኑ እኮ አባታቸው ለምን እንደተገደሉ ከገዳዮቹ አፍ ሙሉውን የመስማት መብት ነበራቸው።

ቡራዩ ኬላ · ረቡዕ 9፡40

እህቴ፣ የመጨረሻው አባባልሽ ላይ እቆማለሁ። ለሟቾቹም ጭምር ስላልሽ። በሌላው አሁንም አቋሜ ያው ነው። ቦምብ ቦምብ ነው፤ ማንዴላም ያደርገው ጄኔራልም ያድርገው፣ ሕግ ይጠይቀዋል። ግን ችሎቱ ይከፈት። ይህን ማን ይቃወማል?

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ጄኔራሉን የረሸናቸው ደርግ ነው። ደርግ ደግሞ ንጉሡን ያወረደ ነው። የንጉሡ እስረኛ የነበሩት ሰውዬ የደርግ ወዳጅ መሆን አልነበረባቸውም?

የሰበታው መምህር · ረቡዕ ምሽት 1፡50

ለዚህኛው እኔ ልሞክር።

በ1966 አብዮቱ ሲመጣ ጄኔራል ታደሰ ተፈቱ። ብዙ ሰው አንተ እንዳልከው ነበር ያሰበው። ደርግ ግን ሌላ ሰው ሥልጣን አጠገብ እንዲቆም አይፈልግም ነበር። ጄኔራሉም ወታደር ያለ ሕዝብ ውክልና አገር መግዛቱን አልወደዱትም፤ እኔ እንደምረዳው። ከኮሎኔል ኃይሉ ረጋሳ ጋር ሸዋ ገጠር ገቡ። ተያዙ። በ1967 ሁለቱም ተረሸኑ። ጊዜውን አስቡት፤ መሬት ላራሹ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። በአንድ በኩል ሕዝብ በደስታ አደባባይ ወጥቷል፤ በሌላ በኩል እንዲህ ያሉ ሰዎች ግንብ ሥር ይቆማሉ።

ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የሆነውን ደግሞ ጠበቃዋ ልጄ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለች። በኅዳር 1967 ደርግ ልዩ የወንጀል ሕግ አወጣ፤ ልዩ የጦር ፍርድ ቤትም በአዋጅ አቋቋመ። በቃ፣ በሕግ ሊጠይቁ ነው ተባለ። በዚያው ወር፣ ኅዳር 14 ማታ፣ ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ምንም ፍርድ ገደሉ። ያቋቋሙት ፍርድ ቤት ፊት እንኳ አላቀረቧቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድ፣ ራስ አስራተ ካሣ፣ ጄኔራል ዐቢይ አበበ እዚያ ውስጥ ነበሩ። በ1953 የመንግሥቱ ንዋይን ሙከራ የደመሰሱት ጄኔራል ከበደ ገብሬም። ጄኔራል አማን አንዶም ደግሞ በዚያው ሌሊት ቤታቸው ውስጥ ተከበው ተገደሉ።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ድምፄ ይቆረጥ ነበር። በ1953 የሞት ፍርድ ይጽና ያሉ ሰዎች ነበሩበት። ለእነሱ ግን ፍርድ የሚባል ነገር አልደረሳቸውም።

ኮዬ ፈጬ 4 · ረቡዕ ምሽት 2፡05

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ትምህርት ቤት እንዲህ አልተማርነውም። 60ዎቹ የት ነው የተገደሉት?

ቃሊቲ ማዞሪያ · ረቡዕ ምሽት 2፡18

ዓለም በቃኝ። ከርቸሌ። ሰፈሩ ለብዙ ዓመት የሚታወቀው በዚያ ስም ነበር። ጣሊያንም፣ ንጉሡም፣ ደርግም ሰው ያሰሩበት ነው። ቦታው አሁን የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። እስር ቤቱ ፈርሶ ነው የተሠራው። እስረኞቹ ወደ እኛ ሰፈር፣ ቃሊቲ፣ መጡ። በየሳምንቱ ስንቅ ይዘው የሚመጡ እናቶችን ከታክሲ ስወርድ አያቸዋለሁ። ፌስታል፣ ቆርቆሮ ምሳ ዕቃ፣ ነጠላ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ኅብረቱ ግቢ ውስጥ በማንዴላ ስም የተሰየመ አዳራሽ አለ። ድሮ ዓለም በቃኝ በነበረበት ግቢ ማለት ነው። አስተማሪውን የሚያስታውስ ነገር ደግሞ ኮልፌ ላይ እንኳ ብዙ ሰው አይነግራችሁም፤ የአስኮው ወንድሜ እንዳለው ነው።

ጠበቃ ከጀሞ · ረቡዕ ምሽት 3፡30

ስለ 60ዎቹ አንድ ነገር ልጨምርና ልተኛ፤ ነገ ችሎት አለኝ።

ያ ግድያ በመጨረሻ ፍርድ ቤት ቀርቧል። ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቁሞ የደርግ ባለሥልጣናትን ከሰሰ። ክሱ መሰማት የጀመረው በ1987 ነው። ጥፋተኛ የተባሉት በታኅሣሥ 1999 ነው። 12 ዓመት! መንግሥቱ ኃይለማርያም ዚምባብዌ ተቀምጦ በሌለበት ተፈረደበት። ብዙ ሰው ተጓተተ ብሎ ተቆጣ፤ ልክ ነው፣ ተጓቷል። ፍርድ ሳያገኙ እስር ቤት የሞቱም አሉ፤ ይህም ጥፋት ነው። ግን ደርግ ራሱ የፈረመባቸው ወረቀቶች ችሎት ላይ ተነበቡ። የሟች ሚስትና ልጅ ቆመው ሰሙ። አባቴን በምን ቀን፣ በማን ትእዛዝ የሚለው ተመለሰላቸው። ለጄኔራል መንግሥቱም፣ ለጄኔራል ታደሰም ይህን ያህል አልተደረገም።

የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ያለ ፍርድ የሞት ቅጣት መፈጸም በይርጋ አይታገድም፣ በይቅርታም አይታለፍም ይላል። ያ አንቀጽ የተጻፈው በነዚህ ሰዎች ደም ነው።

የአስኮው · ሐሙስ ጠዋት 1፡35

ይህን ያህል ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ መምህራችንን በተለይ።

ወደ ሥራ መግባት እፈልጋለሁ። የ1953ቱን ችሎት ጋዜጣ በየቀኑ ዘግቦት ነበር ሲባል እሰማለሁ። ጋሼ፣ ከየት ብጀምር ይሻላል? የሰላሌው ወንድሜ፣ የጄኔራል ታደሰን ክስ ወይም የፍርድ ግልባጭ ያየ ሰው በአገራችሁ አለ? ቢያንስ የተናገሩትን የሰማ?

ሱሉልታ ነኝ፣ ከሰላሌ · ሐሙስ ጠዋት 2፡50

ፍቼ አካባቢ ያንን ዘመን የሚያስታውሱ ጥቂት አረጋውያን አሉ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ሄጄ ካላስፈቀድኩ በቀር። ለበዓል ስሄድ እጠይቃቸዋለሁ። ፈቃደኛ ከሆኑ ድምፃቸውን እቀዳለሁ፤ ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ መገልበጥ ግን አንድ የሚያግዘኝ እፈልጋለሁ።

ቡራዩ ኬላ · ሐሙስ ጠዋት 3፡05

እኔ አግዝሃለሁ። ኦሮምኛ ቤቴ ነው። ግን የሲኒማ ቤቱንም ነገር ጠይቅልኝ። የተጎዱት እነማን እንደነበሩ የሚያውቅ ካለ።

ሱሉልታ ነኝ፣ ከሰላሌ · ሐሙስ ጠዋት 3፡12

እጠይቃለሁ ወንድሜ። ተገቢ ጥያቄ ነው።

የሰበታው መምህር · ሐሙስ ቀን 7፡20

የአስኮው ልጄ፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) ሂድ። የድሮ አዲስ ዘመን ተጠርዞ ተቀምጧል። ከታኅሣሥ 1953 ጀምረህ እስከ መጋቢት መጨረሻ ድረስ ገልብጥ። የመንግሥት ጋዜጣ ነውና የሚያወራው በአንድ ወገን ነው፤ ያም ሆኖ ቀኑን፣ የዳኞቹንና የተከሳሾቹን ስም ታገኛለህ። ከዚያ የ1959ንና የ1960ን ጠይቅ። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ ያዝ። ያገኘኸውን እዚሁ ክር ላይ ቀን በቀን አስፍረው፤ ጠበቃዋም የሕጉን ትነግረናለች።

ጠበቃ ከጀሞ · ሐሙስ ምሽት 1፡15

እነግራለሁ። ክሱ የተመሠረተበትን የአንቀጽ ቁጥር ካገኘህ መጀመሪያ እሱን ላክልኝ። የ1949ኙን ሕግ ቤቴ አለኝ።